የበጉ ጭንቅላት ለውሻ አይጣል፦ ውሻ፣ ዶሮ፣ በግና ልጅ በአንድ ግቢ

አንድ ውሻ፣ አንድ ድመት፣ አስር አስራ ሁለት ዶሮና ሁለት በግ በአንድ ትንሽ ግቢ ማኖር ብዙ ቤተሰብ የሚያደርገው ነገር ነው። እያንዳንዱን ለብቻው ማርባት ያን ያህል አያስቸግርም። ጣጣው የሚመጣው ሲገናኙ ነው፦ የውሻው ዓይነ ምድር በጉ የሚግጠው ሣር ላይ ሲወድቅ፣ የዶሮው መኖ በጉ አፍ ሲገባ፣ የዶሮ ኩስ የሚድኸው ሕፃን እጅ ላይ ሲደርስ። ስለዚህ ግቢ ስታደራጁ ከማደሪያው በፊት ማን የማንን መብላት እንደሌለበት ወስኑ። በሩም አጥሩም ከዚያ በኋላ ቦታውን ያገኛል።

የሚከተለው ለደጋ፣ ለደብረ ብርሃን፣ ለመንዝና ለሰላሌ ዓይነት አገር የተጻፈ ነው። ቆላ ያላችሁ የሙቀቱንና የመዥገሩን ነገር ለየብቻ አስቡት።

ውሻና በግ

አንገቱን አዘንብሎ፣ ከመንጋው ተነጥሎ፣ ወደ አንድ ጎን ብቻ ክብ እየሠራ የሚዞር በግ ያላየ ደገኛ ጥቂት ነው። አዙሪት ይባላል። አንዳንዱ ከሣሩ ነው ይላል፣ አንዳንዱ ከዓይን። መነሻው ግን ውሻ አንጀት ውስጥ የሚኖር ከኮሶ ወገን የሆነ ትል ነው። የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ሣር ላይ ይወድቃል፤ በጉ ሲግጥ ይውጠዋል፤ ከአንጀቱ በደም ተጉዞ አንጎሉ ላይ ይደርስና ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይሆናል። ከረጢቱ ለወራት እያደገ አንጎሉን ይጫነዋል። በብዛት የሚታየው ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ተኩል ባለው ጠቦት ላይ ነው።

በጉ መዞር ሲጀምር ባለቤቱ ሳይከሳ ይረደዋል። ይህ ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ ቤት ውስጥ የሚሰጥ አስተማማኝ መድኃኒት የለውም፣ ሥጋውም ይበላል። ስህተቱ ቀጥሎ ነው። ጭንቅላቱ አይበላም ተብሎ ለውሻው ይወረወራል። ውሻው አንጎሉን ሲበላ ከረጢቱ ውስጥ ያሉት ብዙ የትል ራሶች አንጀቱ ላይ ይጣበቃሉ፣ ከ6 ሳምንት ገደማ በኋላ ውሻው እንደገና እንቁላል ይዘራል። በየዓመቱ አንድ ሁለት በግ በአዙሪት የሚሞትበት ቤት ካለ መጀመሪያ የሚጠየቀው የበጉ ጭንቅላት የት እንደሚጣል ነው።

ሌላው ትል ይብሳል፣ ምክንያቱም ሰውንም ይይዛል። በግ ወይም ከብት ታርዶ ጉበቱና ሳንባው ሲታይ ውሃ የሞሉ ነጭ ከረጢቶች ሊኖሩበት ይችላሉ፤ ከሽምብራ ፍሬ አንስቶ እስከ ብርቱካን ያህላሉ። ውሻ ያንን ጥሬውን ከበላ አንጀቱ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ እጅግ ብዙ ትሎች ያፈራል። ውሻው አይታመምም፣ አይከሳም፣ ትሉም በዓይነ ምድሩ ላይ በዓይን አይለይም። እንቁላሉ ግን ጸጉሩ ላይ ይጣበቃል። ልጁ ውሻውን አሻሽቶ ሳይታጠብ እንጀራ ሲቆርስ እንቁላሉ ይገባል፣ ከዓመታት በኋላ ልጁ ጉበት ወይም ሳንባ ላይ ያው ከረጢት ይበቅላል። መፍትሔው ብዙ ጊዜ ቀዶ ጥገና ነው። «ጥሬ ሥጋ ስለማንበላ አይነካንም» የሚል ሰው ይህን ከሰው ኮሶ ጋር አምታቶታል። የሰው ኮሶ ከጥሬ የከብት ሥጋ ይመጣል፤ ይሄኛው የሚመጣው ከውሻው ነው።

የእርድ ቀን ሥራው እንዲህ ቢሄድ ይበጃል። በዋዜማው 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይቆፈር፤ ስፋቱ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ጠዋት ቢላ ከመሳሉ በፊት ውሻው ጠግቦ በልቶ፣ እርዱን ከማያይበት ጥግ ይታሰር፤ የተራበና ደም የሸተተው ውሻ ገመድ ይበጥሳል። ክዳን ያለው ባልዲ አጠገብ ይኑር። ጉበትና ሳንባ ሲወጣ በሁለቱም ጎን ይገላበጥ፤ ውስጡ ያለውን ለማወቅ እጅ ላይ ይዳሰስ። ከረጢት ያለበት ክፍል ሳይፈርጥ ወደ ባልዲው፣ ከዚያ ወደ ጉድጓዱ ይግባ። ጭንቅላቱም ያው፤ ወይም አንጎሉ እስኪከስል እሳት ውስጥ ይቃጠል። ጉድጓዱ አፈር ከተሞላ በኋላ ከላይ ትልልቅ ድንጋይና እሾህ ይደረግበት። አፈር ብቻ የለበሰ ጉድጓድ ለውሻ ማታ አንድ ሰዓት የማይሞላ ሥራ ነው፣ የጎረቤት ውሻም ይረዳዋል።

ለውሻው መስጠት የምትፈልጉት ሳንባ ወይም ጨጓራ ካለ በትንንሹ ተቆርጦ ቢያንስ 40 ደቂቃ ይፍላ። ደጋ ላይ ከዚህ አታሳጥሩ፤ ደብረ ብርሃን ላይ ውሃ የሚፈላው 91 ዲግሪ ገደማ ላይ ነውና ሙቀቱ ሥጋው መሃል እስኪደርስ ጊዜ ይወስዳል።

ለውሻው የሚሰጠው የትል መድኃኒት ፕራዚኳንቴል ይባላል፤ መጠኑ ለአንድ ኪሎ የውሻ ክብደት 5 ሚሊግራም ነው። 20 ኪሎ ውሻ 100 ሚሊግራም ያስፈልገዋል። ክብደቱን ለማወቅ ውሻውን አቅፋችሁ ሚዛን ላይ ውጡ፣ ከዚያ ብቻችሁን ተመዘኑና ቀንሱ። ለሰው የወስፋት ማስወጫ የሚሰጠውን ኪኒን ውሻ ላይ አትሞክሩ፤ ለዚህ ትል አይሆንም። የተሻለው መንገድ በየ6 ሳምንቱ መስጠት ነው፣ ይህን የሚችል ቤተሰብ ግን ትንሽ ነው። ቢያንስ ከመስቀል፣ ከገናና ከፋሲካ በኋላ በ5ኛው ሳምንት ስጡ፤ በበዓሉ የገባ ትል ካለ እንቁላል ሳይጥል ይደርሱበታል። ከሰጣችሁ በኋላ ውሻው ለ2 ቀን ታስሮ ይቆይ፣ ዓይነ ምድሩም ተለቅሞ ይቃጠል ወይም በጥልቀት ይቀበር፤ መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም።

ውሻው መቼም ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት መታሰሩ ጥሩ አይደለም፤ ያደገበት እንግዳን ብቻ ሳይሆን የቤቱን ልጅም መንከስ ይጀምራል። ከ6 እስከ 8 ሜትር ሽቦ በሁለት እንጨት መካከል ከሰው ቁመት በላይ ወጥሮ ሰንሰለቱን በቀለበት ማንጠልጠል ቀላል ነው። ውሻው ወዲያ ወዲህ ይሮጣል፣ ዶሮው ጋ ግን አይደርስም።

ስለ እብድ ውሻ በሽታ

ቡችላ በ3 ወሩ ይከተባል፣ ከዚያ በየዓመቱ። ድመትም እንደዚሁ፤ ድመት የሚያስከትብ ሰው ግን ሲፈለግ አይገኝም።

ድምፁ የተለወጠ፣ መዋጥ ያቃተው፣ ለሐጩ የሚዝረከረክ፣ ባዶ አየር የሚነክስ ውሻ ያስጠረጥራል። ሁሉም ግን አይቆጣም፤ ጨለማ ጥግ ገብቶ ዝም የሚልም አለ። ሰው የሚሳሳተው ይበልጥ በላሟና በበጉ ላይ ነው። ያበደ ውሻ የነከሳት ላም ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ መዋጥ ሲያቅታት «አጥንት ወይም ድንች ተሰክቶባት ነው» ተብሎ እጅ ጉሮሮዋ ውስጥ ይገባል። ምራቋ ውስጥ በሽታው አለ። መዋጥ ያቃተው እንስሳ አፍ ውስጥ ባዶ እጅ አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም ይጠራ።

ሰው ከተነከሰ ቁስሉ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ይታጠባል። ሰዓት ይያዝ፤ 15 ደቂቃ ሰው ከሚገምተው ይረዝማል። ነጭ ሽንኩርት፣ ቡና፣ ነጭ ጋዝ አይደረግበትም። ከዚያ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ። ባህላዊ መድኃኒት ወይም ጠበል የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ክትባቱን ጀምሮ ይሂድ፤ ምልክቱ ሰው ላይ ከወጣ በኋላ የሚያድን ነገር የለም። ነካሹ ውሻ ካልጠፋ ወዲያው አይገደል፣ ታስሮ 10 ቀን ይታይ። ሲነክስ ምራቁ ውስጥ በሽታው ኖሮ ከሆነ በእነዚያ ቀናት ምልክት ያሳያል ወይም ይሞታል። የተነከሰው ሰው ግን ሕክምናውን ለመጀመር 10ሩን ቀን አይጠብቅም።

የዶሮ ቤት ከሰው ቤት ይውጣ

በ2016 እ.ኤ.አ. በገጠር ኢትዮጵያ ላይ የወጣ አንድ ጥናት ሁለት ነገር አብሮ አሳይቷል። ዶሮ ያለው ቤት ልጆች ቁመታቸው የተሻለ ሆኖ ተገኘ። ዶሮው ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ የሚያድር ከሆነ ደግሞ ከልጆቹ አጭር ቁመት ጋር ተያይዞ ተገኘ። እንቁላሉ የሚሰጠውን ኩሱ ይወስደዋል ማለት ነው፤ መሬት ላይ የሚድኽ ልጅ እጁን ስንቴ አፉ እንደሚከት ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። ዶሮን ከጅብና ከሌባ ፍራቻ እመደብ ሥር ማሳደር የኖረ ልማድ ነው፣ ፍራቻውም እውነት ነው። ስለዚህ መልሱ ጠንካራ የዶሮ ቤት መሥራት ነው።

ለ12 ዶሮ 3 ካሬ ሜትር ይበቃል፤ 1.5 በ2 ሜትር። በሩ ወደ ምሥራቅ ይዙር፣ የጠዋት ፀሐይ ወለሉን ያደርቀዋል። ወለሉ ከመሬት ከፍ ይበል፣ በላዩ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሰጋቱራ ወይም የተከተፈ ገለባ ይነጠፍ። ቆጡ ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ያስፈልገዋል፤ እንጨቱ ከላይ ለዘብ ይበል እንጂ ስለታም ጠርዝ አይኑረው። የእንቁላል መጣያው 30 በ30 ሴንቲ ሜትር፣ ለ4 ወይም 5 ዶሮ አንድ፣ ከቆጡ ዝቅ ብሎ ጨለም ያለ ቦታ ላይ ይሁን። ከቆጡ በላይ ከሆነ ዶሮዎቹ እዚያው ያድሩና እንቁላሉ በኩስ ይጨማለቃል።

ደገኛ ብርድን ፈርቶ ቀዳዳ ሁሉ ይደፍናል። ይህ ከብርዱ ይልቅ ይጎዳቸዋል። ዶሮ ላባ ለብሷል፣ ብርዱን ይችለዋል፤ የማይችለው እርጥበትንና የኩሱን ሽታ ነው። ጠዋት በሩን ስትከፍቱ በዶሮው ቁመት ጎንበስ ብላችሁ አሽትቱ። ዓይን ካቃጠለ አየር የለውም። ከጣሪያው ሥር በሁለት ወገን አንድ ስንዝር ክፍተት ተዉ፣ ነፋሱ በጭንቅላታቸው ላይ ያልፋል።

ያንን ክፍተት የምትሸፍኑበት ሽቦ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ይጥላል። ሰፊ ቀዳዳ ያለው የዶሮ ሽቦ ዶሮዋን ከመውጣት ያግዳታል እንጂ ሸለምጥማጥን ከመግባት አያግድም። ቀዳዳው ከ1.3 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ይሁን፣ ከታች በኩልም አንድ ስንዝር መሬት ውስጥ ይቀበር። ማን እንደገባ ከጥፋቱ ይታወቃል። ሌሊት ገብቶ ብዙ ገድሎ ጭንቅላትና አንገት ብቻ የበላ ሸለምጥማጥ ነው። ቀን አንዷ ጠፍታ የላባ ክምር ብቻ የተገኘ እንደሆነ ጭልፊት። የተነከሱ፣ ያልተበሉ፣ ግቢው ሙሉ የተበተኑ ከሆነ ውሻ ነው፣ ምናልባትም የራሳችሁ። ጫጩት በየሌሊቱ አንድ ሁለት እየጎደለ ደም ካልታየ አይጥ ወይም ድመት ጠርጥሩ። በሩ ማታ 12 ሰዓት ላይ ይዘጋ፤ ይህ ለአንድ ልጅ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው፣ ለሁለት ልጅ ከተሰጠ ግን ማንም አይዘጋውም።

የአገር ዶሮ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ትጥላለች፤ ለእንቁላል የተዳቀሉት እስከ 300 ይደርሳሉ፣ ግን በመኖ ነው። አንዲት የምትጥል ዶሮ በቀን 115 ግራም ያህል ትበላለች። 12ቱ በቀን 1.4 ኪሎ፣ ስለዚህ 50 ኪሎ ከረጢት 36 ቀን ገደማ ይቆያል። ከዚያ ቀድሞ ካለቀ ወፍና አይጥ እየተካፈሉ ነው። ውሃ በቀን 3 ሊትር ይዘጋጅ። ለአንድ ቀን ውሃ ያጡ ዶሮዎች ለቀናት መጣል ያቆማሉ፣ ይህን ሰው ሁልጊዜ በበሽታ ያሳብበዋል።

መኖ ራሳችሁ ማዘጋጀት ከፈለጋችሁ ለ50 ኪሎ ይህ ይሠራል፦ የተፈጨ በቆሎ 25 ኪሎ፣ ኑግ ፋጉሎ 9፣ ፉርሽካ 6፣ የተቆላ አኩሪ አተር 5፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ 4.5፣ ጨው 150 ግራም፣ ከመኖ ሻጭ የሚገኝ የቪታሚን ድብልቅ 250 ግራም። ፕሮቲኑ 16 በመቶ አካባቢ ይመጣል። አኩሪ አተሩ ጥሬ ከሆነ አይፈጭላቸውም፣ ይቆላ። ኖራው ግድግዳ የሚቀባው አይደለም፤ ያ ያቃጥላል። ጨውና ቪታሚኑ መጀመሪያ ከ2 ኪሎ ፉርሽካ ጋር ይታሽ፣ ከዚያ ወደ ዋናው ይግባ፤ በቀጥታ ከተጨመሩ አንድ ቦታ ተከማችተው አንዷን ዶሮ ይገድላሉ። ፋጉሎው ሻጋታ የሸተተ ወይም የተጓጎለ ከሆነ አትግዙት። ሻጋታው የሚያወጣው መርዝ በመቁላትም በማድረቅም አይጠፋም፣ ላም ከበላችው ደግሞ ወደ ወተቷ ይገባል።

ወደ ፈንግል እንምጣ፤ የዶሮ ሀብት የሚያልቀው በእሱ ነው። አረንጓዴ ተቅማጥ፣ የተጠመዘዘ አንገት፣ አፍ ከፍቶ መተንፈስ፣ ከዚያ በጥቂት ቀን ግቢው ባዶ። መድኃኒት የለውም። ሱቅ የሚሸጠው የቴትራሳይክሊን ዱቄት ቫይረስ አይነካም። ያለው ክትባት ነው፦ ጫጩቱ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ኤች ቢ ዋን በዓይን ጠብታ፣ ከ3 እስከ 4 ሳምንት ሲሆነው ላሶታ በውሃ፣ ከዚያ በየ3 ወሩ። የ45 ቀን ቄብ ስትገዙ «ተከትቧል» የሚለውን ቃል አትቀበሉ፤ የትኛው ክትባት በየትኛው ቀን እንደተሰጠ የሚያሳይ ካርድ ጠይቁ።

በውሃ የሚሰጠው ላሶታ በየቤቱ የሚከሽፈው በአሰጣጡ ነው። ክትባቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይሞታል፣ ስለዚህ ከክሊኒክ ሲመጣ በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይምጣ። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን ይገድለዋል፤ የዝናብ ወይም የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፣ ከሌለ በአንድ ሊትር 2.5 ግራም ቅባት የሌለው የዱቄት ወተት በጥብጣችሁ 20 ደቂቃ አቆዩት። ዕቃው ፕላስቲክ ይሁን፣ በሳሙና ወይም በበረኪና የታጠበ እንዳይሆን። ዶሮዎቹ ለ2 ሰዓት ውሃ ይከልከሉ፣ ከዚያ በጠዋት፣ ለ12 ዶሮ ግማሽ ሊትር ያህል አቅርቡላቸው። በ2 ሰዓት ውስጥ ጠጥተው መጨረስ አለባቸው። የታመመች ዶሮ ካለች አትከተብም፣ ትለይ።

አንዱ ጠርሙስ ለመቶና ከዚያ በላይ ለሆነ ዶሮ የሚበቃ ነው፣ ከተበጠበጠም ለነገ አይቀመጥም። ለ12 ዶሮ ብቻውን የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ይደፋዋል። ሰፈሩ በአንድ ጠዋት ቢከትብ ወጪውም ይቀንሳል፣ ፈንግሉም ከጎረቤት አይመጣም። እድር ያለው ሰፈር ይህን ለማስተባበር ሌላ ኮሚቴ አያስፈልገውም።

በሽታው ብዙ ጊዜ በእግሩ አይመጣም፤ ለበዓል ከገበያ በተገዛ አውራ ዶሮ ታቅፎ ነው የሚገባው። ለእርድ የተገዛ ዶሮ ከእናንተዎቹ ጋር አይደባለቅ፣ ከማጠጫቸውም አይጠጣ፤ ላባውና አንጀቱም ያው የበጉ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ። ለእርባታ የተገዛ ከሆነ ለ2 ሳምንት ለብቻው ይቆይ፣ እሱን የሚመግበውም ሰው የራሳችሁን ዶሮዎች መጀመሪያ መግቦ ወደ እሱ ይሂድ።

ጫጩት ማስፈልፈል ለምትፈልጉ፦ የተዳቀሉት አይታቀፉም፤ የአገር ዶሮ ይዛችሁ ከሥሯ ከ10 እስከ 12 እንቁላል አድርጉ። እንቁላሉ ከተጣለ ከ7 ቀን ያልበለጠው፣ ቀጭኑ ጫፍ ወደ ታች ሆኖ የተቀመጠ ይሁን። በ7ኛው ቀን ማታ በባትሪ ብርሃን ይታይ፤ ደም ሥር ካልታየበት ይውጣ። በ21ኛው ቀን ይፈለፈላል። ዐቢይ ጾም ለዚህ ምቹ ነው፦ እንቁላል ይረክሳል፣ የሚጾመው ቤተሰብም አይነካውም፣ ጫጩቱም ክረምት ሳይገባ ይጠነክራል። የመጀመሪያው ሳምንት ጫጩት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። እናት ከሌላቸው መብራት በሚጠፋበት ሰፈር በአምፖል አትተማመኑ፤ ዙሪያውና ክዳኑ በድርቆሽ የታጨቀ ሳጥን የራሳቸውን ሙቀት ይይዝላቸዋል።

ሁለቱ በጎች

ለፋሲካ ማድለብ 90 ቀን ያህል ይፈልጋል። 22 ኪሎ የሚመዝን የመንዝ ጠቦት ድርቆሽና ገለባ እንደልቡ፣ በላዩም ፉርሽካና ፋጉሎ በመጨረሻ እስከ 350 ግራም ይወስዳል። በመጀመሪያው ቀን ግን 100 ግራም ብቻ፤ በ2 ሳምንት ቀስ እያለ ይጨመር። አሞሌ ይንጠልጠልለት፣ ውሃ አይጓደል። መጀመሪያ የትል መድኃኒት ይሰጠው፣ አለበለዚያ መኖውን የሚበላው ትሉ ነው።

በግ በጥጋብ ይሞታል። አጥር ጥሶ የስንዴ እህል፣ ሊጥ፣ ወይም የዶሮ መኖ ያገኘ በግ እስኪፈነዳ ይበላል፤ ሆዱ ውስጥ አሲድ ይፈጠራል፣ በማግሥቱ ይተኛል፣ ጥርሱን ያፋጫል፣ ይሞታል። ስለዚህ የዶሮው ቤት መግቢያ ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ በመሰላል ይሁን፤ ዶሮ ትወጣለች፣ በግ አይገባም። ሌላው መነፋት ነው፦ ከክረምት ማብቂያ ጀምሮ ጠል ያለበት ማገጥ (ባለ ሦስት ቅጠል የግጦሽ ተክል) በባዶ ሆድ የጋጠ በግ ግራ ጎኑ እንደ ከበሮ ይወጠራል። ጠዋት ድርቆሽ ሳይበላ፣ ጠሉም ሳይረግፍ ማገጥ ላይ አይለቀቅ። ከተነፋ ፊቱን ወደ ዳገት አዙራችሁ አቁሙት፣ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር የምግብ ዘይት በጉንጩ ጎን በዝግታ አጠጡት፤ ራሱን ወደ ላይ አትቀልብሱት፣ ዘይቱ ሳንባ ይገባል። ከዚያ አንቀሳቅሱት።

ፌስታልም አለ። ከተማ ዳር ያለ በግ ጨው የነካው ፌስታል ይበላል፣ አይፈጨውም፣ አይወጣለትም። ቢበላም እየከሳ የሚሄድ በግ ሲታረድ ጨጓራው ውስጥ የሚገኘው ይኸው ነው። ሲባጎም እንደዚሁ፤ የድርቆሽ ማሰሪያ ተቆጥሮ ይሰብሰብ።

ልጆች ለበጉ ስም ያወጣሉ። አትከልክሏቸው፣ አታታልሏቸውም፤ ከመጀመሪያው ቀን ለምን እንደተገዛ ይነገራቸው። በዕለቱ ጠዋት ዘመድ ቤት የሚላኩት በራሳቸው ፈቃድ ይሁን። አንዳንድ ልጅ ወጡን አይበላም፣ ይህም መብቱ ነው።

ድመቷ፣ ወተቱና ኩሱ

ድመት ለአይጥ ትያዛለች እንጂ «ካልተራበች አታድንም» የሚለው ትክክል አይደለም። የተራበች ድመት ጫጩት ትለምዳለች፤ ማታ ማታ የምትመገብ ግን ቤቱን ትጠብቃለች። ጫጩት እስከ 6 ሳምንት ከእሷ ይለይ። የአይጥ መርዝና ድመት በአንድ ግቢ አይኖሩም፣ መርዝ የበላችውን አይጥ ትበላለችና። የምትጸዳዳበት አመድ በየቀኑ ይውጣ፤ ዓይነ ምድሯ ውስጥ የሚኖረው ለፅንስ አደገኛ ተውሳክ ሰውን ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ውጭ መቆየት ይፈልጋል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ ለሌላ ትተው፣ ጥሬ ሥጋም እንደዚሁ ትተው።

ላም ያለው ቤት ወተቱን ያፍላ፤ መርጋቱ ብቻ የከብት ነቀርሳንና የሚያስወርዳቸውን በሽታ አይገድልም። ከወለደች የጥጃው እንገር ቀድሞ ለጥጃው ነው፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ቢያንስ 2 ሊትር፤ የሚተርፈውን ልጆች ይብሉት፣ ተፈልቶ።

የዶሮ ኩስ ለጎመንና ለድንች የሚስተካከለው የለም፣ ትኩሱ ግን ያቃጥላል። ከገለባው ጋር ተከምሮ፣ እርጥበት እያገኘና በየ2 ሳምንቱ እየተገለበጠ 3 ወር ይቆይ። ክምሩ በጎች የማይደርሱበት ቦታ ይሁን፤ ውስጡ የሞተ ዶሮ ወይም አይጥ ካለ እሱን የነካ ገለባ የበላ በግ እግሩ እየዛለ ሊሞት ይችላል። የውሻና የድመት ዓይነ ምድር እዚህ ክምር ላይ አይጨመርም።